ለሚስት የተጻፈውን ባል ሲያነበው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ እኔ ከመጣሁ አራት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአሜሪካ ሰባኪዎችን ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ግን ስምንት ወር አልፎታል። አሁን አሁን ለሁሉም ነገር መልሱ «ራስ እኔ ነኝ፤ ኤፌሶን 5፥22 ተገዙ ይላል» ሆኗል። ባለፈው ወር የባንክ ካርዴን ወሰደብኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ፌሚኒስት ሆነሻል፤ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» አለኝ። እኔ ፌሚኒስት ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም። እግዚአብሔርን መበደል ግን አልፈልግም። እውነት መጽሐፉ ይሄን ይላል? ቢመልሱልኝ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ዓይኔን የያዘው ካርዱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። የጠየቅሽኝ ግን መጽሐፉ ምን ይላል ብለሽ ነውና ከዚያ ልጀምር።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትታዘቢኝ። አዲስ ኪዳንን ሃያ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። «ባል የሚስት ራስ ነው» የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ ልፋቀው ከሚሉት አይደለሁም። በዚህ ጉዳይ ሰው ወግ አጥባቂ ይለኛል፤ ስሙም አይከፋኝም። ስለዚህ ባልሽ የምነግርሽን «የፌሚኒስት ወሬ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ወጣት ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ እንድሰብክ ጠሩኝ። ቁጥር 22ን ይዤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሙሽራዋን ሰበክኋት። ወደ ሙሽራው ስደርስ ሰዓቱ አልቋል፣ ምግቡም ቀርቧል። «አንተም ውደዳት» ብዬ አሜን አልኩ። በኋላ ሳህን ይዤ ተሰልፌ ሳለ የሙሽራዋ አያት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ የኛን ደብዳቤ ጥሩ አድርገህ አነበብክልን። የእነሱንስ መቼ ነው የምታነበው?» ምን ልበላቸው? ወጡ ሲጨለፍልኝ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ የማነበው እንደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ አድራሻ አለው። «ሚስቶች ሆይ» የሚለው ለሚስቶች ነው፤ ከ22 እስከ 24፣ ሦስት ቁጥር። «ባሎች ሆይ» የሚለው ደግሞ ከ25 ተነስቶ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይወርዳል፤ ማብቂያው ላይ ብቻ አንድ ሐረግ ወደ ሚስት ይመለሳል። እስኪ ለባሎች የተጻፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ውደዱ ይላል። ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ይላል። እንደ ገዛ ሥጋችሁ ይላል። «ሚስቶቻችሁን ግዙ» የሚል አታገኚም። «አስገዙ» የሚልም የለም። ቆላስይስ 3 ላይ ፈልጊ፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3 ላይ ፈልጊ፤ የለም። ቆላስይስማ ባሎችን የሚላቸው መራራ አትሁኑባቸው ነው። ጴጥሮስ ደግሞ ሚስቱን ያላከበረ ሰው ጸሎቱ ይታገዳል ብሎ ያስፈራራል። ለሚስት የተነገረው እሷ ለጌታዋ ብላ በፈቃዷ የምታደርገው ነው። ባል እንዲያስፈጽመው የተሰጠው ማዘዣ የለም። የአንቺ ባል ያንቺን ደብዳቤ ከፍቶ እያነበበልሽ ነው። የራሱ ገና እንደታሸገ ነው።

ስለ ቃሉም ትንሽ ልበልሽ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ ሠርቶናል። «መግዛት» ለኛ ከሱቅ ዕቃ መግዛትም ነው፣ አገር መግዛትም ነው። ቅኝ ግዛትም ከዚያው ቤት ነው። ዘፍጥረት 3፥16 ላይ ለሔዋን «እርሱም ገዥሽ ይሆናል» ተብሏል። ስለዚህ «ተገዙ» ሲባል ጆሯችን ገዥና ተገዥ ብሎ ወዲያው ያጋጥመዋል። ግን ያ የዘፍጥረት ቃል የተነገረው እሾህና አሜከላ ከተባለበት ቦታ ነው። ከውድቀት በኋላ የመጣ መከራ ነው። እሾህ ተረግሞ ወጣ ብሎ ማሳውን ሳያርም የተወ ገበሬ አላየሁም።

ጳውሎስ የጻፈው የግሪክ ቃል ሁፖታሶ ይባላል። ከሥር መሰለፍ፣ ራስን በቦታ ማስያዝ እንደማለት ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ለልጆችና ለባሪያዎች የተጻፈው ሌላ ቃል ነው። አማርኛውም ልዩነቱን ጠብቆታል፤ ሚስቶችን «ተገዙ»፣ ልጆችንና ባሪያዎችን «ታዘዙ» ይላል። ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። በጣም ጥንታዊ ከሆኑት የግሪክ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ቁጥር 22 ላይ ግስ የላቸውም። «ሚስቶች ለባሎቻችሁ እንደ ለጌታ» ብለው ያልፋሉ። ግሱ የሚመጣው ከላይ ካለው ከቁጥር 21 ነው። እሱ ደግሞ እርስ በርስ ተገዙ የሚል፣ ለምእመን ሁሉ የተባለ ነው። ከ22 የጀመረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ከወገቡ ቆርጦታል።

ወግ አጥባቂዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው፤ አልደብቅሽም። «እርስ በርስ ማለት እያንዳንዱ ለሚገባው ማለት ነው፤ ወላጅ ለልጁ ይገዛል እንዴ?» ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። «ራስ» የሚለው ቃል ላይም አንዱ ወገን ኃላፊ ማለት ነው ይላል፣ ሌላው ምንጭ ማለት ነው ይላል። ሊቃውንቱ በዚህ ሲነታረኩ አርባ ዓመት አለፋቸው። ባልሽ ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም። ከሁለቱም ወገን ካርዷን ቀማት ያለ የለም።

አሁን ባልሽ መኪናው ውስጥ የሚሰማው ትምህርት ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

እርግጥ ባል ራስ ነው የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። አሁን የያዘው ቅርጽና ቁጣ ግን የአሜሪካ ነው፤ የትውልድ ዘመንም አለው። 1963 ላይ ቤቲ ፍሪዳን የቤት እመቤቶችን ብሶት መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው፤ አገር ተንጫጫ። 1972 ላይ ኮንግረሱ ለወንድና ለሴት እኩል መብት የሚሰጥ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። እንዲጸና 38 ክፍለ ግዛቶች መቀበል ነበረባቸው። ይህን ለማስቆም የተነሳችው ፊሊስ ሽላፍሊ የምትባል ካቶሊክ፣ የስድስት ልጆች እናት ነበረች። መድረክ ላይ ስትወጣ «እንድመጣ ስለፈቀደልኝ ባለቤቴን ፍሬድን አመሰግናለሁ» ብላ ትጀምር ነበር። ፌሚኒስቶቹን ለማናደድ እንደሆነ ራሷም አልደበቀችም። ማሻሻያው 35 ክፍለ ግዛት ላይ ቆመ፤ 1982 ላይ ቀነ ገደቡ አለፈ። የሚያስቀኝ ግን ይሄ ነው፤ ሴት ቤቷ ትቀመጥ የሚለው ሰልፍ መሪ ሁለት ጊዜ ለኮንግረስ የተወዳደረች፣ አገር ለአገር ስትዞር የኖረች፣ ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ የሕግ ዲግሪ የያዘች ሴት ነበረች።

ከዚያ በዲሴምበር 1987 ዳንቨርስ በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ጥቂት የወንጌላውያን መምህራን ተሰብስበው አንድ የአቋም መግለጫ አረቀቁ። ጆን ፓይፐርና ዌይን ግሩደም ከነሱ መሀል ነበሩ። ወንድና ሴት በክብር እኩል ናቸው፣ በድርሻ ግን ይለያያሉ የሚለው ትምህርት በዚህ መግለጫ መልክ ያዘ። ፌሚኒዝም ቤተ ክርስቲያን ገብቷል የሚለው ስጋትም እዚያው ተጽፏል። በዚያው ሰሞን ሌሎች ወንጌላውያን ደግሞ በተቃራኒው ተደራጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ባልና ሚስትን በሥልጣንም አይለይም ብለው። ሁለቱም መጽሐፉን ይዘው ነው የሚሟገቱት። 1998 ላይ የደቡብ ባፕቲስቶች ማኅበር፣ የአገሩ ትልቁ የፕሮቴስታንት ማኅበር፣ ሚስት ለባሏ የአገልጋይነት አመራር በጸጋ ትገዛ የሚል አንቀጽ በእምነት መግለጫው ውስጥ አስገባ። ዕድሜውን ሙሉ ባፕቲስት የነበረው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ2000 ከማኅበሩ ጋር ተለያየ። አንዱ ምክንያቱ ይኸው የሴቶች ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ዳንቨርስ እንመለስ፣ እዚያ ለባልሽ የተቀመጠለት ነገር አለ። ይህ የዚህ ትምህርት ዋና ሰነድ ነው። ኃጢአት በቤት ውስጥ ምን ያበላሻል ብሎ ሲዘረዝር ለባል ሁለት ነገር ይጠቅሳል። አንዱ ጨቋኝነት ነው። ሁለተኛው ግዴለሽነት ነው። ለሚስትም ሁለት ነው፤ የባልን ቦታ መንጠቅ አንዱ፣ ሎሌነት ሌላው። ልብ አድርጊ፤ ሎሌ መሆንሽን በጎ ምግባር ብሎ አልጻፈውም፣ ከብልሽቱ ጋር ነው የቆጠረው። የሚፈልገውን መገዛት «በማስተዋልና በፈቃድ» ብሎ ገልጾታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የትኛውም ምድራዊ ሥልጣን፣ የቤትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ወይም የመንግሥት፣ ሰውን ወደ ኃጢአት ሊመራ መብት የለውም ይላል። ሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ያለችው ሰጲራ ከባሏ ከሐናንያ ጋር ተስማምታ ስለ ገንዘብ ዋሸች። ከባሏ ጋር መስማማቷ አላዳናትም። እግሩ ሥር ወድቃ ሞተች፤ የጴጥሮስ እግር ሥር ማለቴ ነው።

ይህን የሚያምኑ ወንዶች ሁሉ ጨካኝ ናቸው ካልኩሽ ዋሸሁ። ብራድፎርድ ዊልኮክስ የተባለ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት በ2004 ባሳተመው ጥናት የወግ አጥባቂ ፕሮቴስታንት ባሎችን ሁኔታ ፈትሿል። ቤተ ክርስቲያን ዘወትር የሚሄዱት ለሚስቶቻቸው ሩኅሩኅ ሆነው ተገኙ። ሚስት በመምታት ረገድም ዝቅተኛውን ቦታ ከያዙት መካከል ነበሩ። በስም ብቻ አማኝ የሆኑት፣ ደጇን የማይረግጡት ግን ተቃራኒው ጫፍ ላይ ናቸው። ይህን ሳነብ የጻፍሽልኝ ስምንት ወር ትዝ አለኝ። ቃሉን ወስዶ ማኅበሩን የተወ ሰው የሚቆጣው ሽማግሌ የለውም። እሑድ ጎኑ ተቀምጦ «ምነው ሚስትህ ከሳች?» የሚለው የለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰባኪ ደግሞ አንቺን አያውቅሽም።

ያም ሆኖ ማኅበሩ ውስጥም የተበላሸ አለ። ፔጅ ፓተርሰን የደቡብ ባፕቲስቶች አንጋፋ መሪ ነበር፤ በ1998 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። 2000 ላይ የተቀዳ ድምፁ በ2018 እንደ አዲስ ተሰማ። ባሏ የሚመታትን አንዲት ሴት ማታ ማታ አልጋው አጠገብ ተንበርክከሽ ጸልዪለት ብሎ እንደመከራት ይተርካል። ሁለቱም ዓይኗ በልዞ ተመለሰች። ፓተርሰን ግን ደስ አለው፤ ባልየው ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነበርና። ይህና ሌላ ጉዳይ ተደምሮ በዚያው ዓመት ከሚመራው የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተነሳ። እኔም ወጣት ሳለሁ ለተጎዳች ሴት «ታገሺ» ብዬ የላክሁበት ቀን አለኝ። አሁን ቢሆን አልልም።

ከነሱ በፊት ግን ዮሐንስ አፈወርቅ አለልን። አባቶቻችን የሚወዱት፣ ስሙን እንኳ አፈወርቅ ብለው የተረጎሙለት። የአራተኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ባል ራስ መሆኑን አንድም ቀን አልተጠራጠረም። ኤፌሶን 5ን ሲተረጉም ግን ወደ ባሎች ዞሮ ይቆጣቸዋል። አገልጋይህን በፍርሃት ልታስር ትችል ይሆናል ይላል፤ እሱም ቢሆን ጥሎህ ይሄዳል። የኑሮ ጓደኛህን፣ የልጆችህን እናት ግን በማስፈራራት አትይዛትም። ሚስት ባሏን እየፈራች የምትንቀጠቀጥበት ምን ዓይነት ትዳር ነው ብሎ ይጠይቃል። ባልሽ የፈረንጅ ሰባኪ ሰልችቶት እንደሆነ ይሄን ይስማ።

እንግዲህ «ፌሚኒስት ሆነሻል» ወዳለሽ ልምጣ።

ፌሚኒስት ማለት ሴት ከወንድ እኩል መብት ይኑራት የሚል ሰው ነው፤ ቃሉ ዛሬ ግን ብዙ ነገር ይሸከማል። ውስጡ እኔም የማልቀበለው አለ፤ ጽንስ ማስወረድን የመሰለ። ግን ፌሚኒስት የሚለው ስም ከመለመዱ በፊት ሴቶች በአሜሪካ መጀመሪያ ከጠየቁት አንዱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ደሞዛቸውን። በጥንቱ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ የተለየች ሰው አልነበረችም። ሠርታ ያገኘችው የባሏ ነው። ባልየው ሰካራም ቢሆን ልብስ አጥባ ያመጣችውን ሳንቲም ይዞ መጠጥ ቤት መግባት ሕጋዊ መብቱ ነው። ኒው ዮርክ ያገባች ሴት ንብረት እንዲኖራት የፈቀደችው በ1848 ነው፤ የደሞዟ ባለቤት ያደረገቻት ደግሞ በ1860። ከታገሉት ብዙዎቹ ጸሎተኛ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፍራንሲስ ዊላርድ የሜቶዲስት ምእመን ነበረች፤ መጠጥን የሚቃወመውን የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ከ1879 ጀምሮ እስክትሞት መርታለች። ለሴት የድምፅ መብት የጠየቀችውም ቤትን ከመጠጥ እንጠብቅ ብላ ነው።

ስለዚህ «ደሞዝሽን አምጪ» የሚለው ከኤፌሶን የመጣ አይደለም። ከአሮጌው የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ እሱም ከተሻረ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ካርዴን መልስልኝ ያለች ሴት ፌሚኒስት ከተባለች ዊላርድም እናትሽም ፌሚኒስት ናቸው።

«ባህላችን ነው» ካለሽም ይጠንቀቅ። ባህላችን ሁለት ፊት አለው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለን የተረትን ሕዝብ ነን። በኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። ይህ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አሁን ቤተሰቡን የሚመሩት ሁለቱም እኩል ናቸው። በሌላ በኩል ግን በሰሜኑ ርስት ሴት ልጅም ትወርስ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ አያቶቻችን የያዙትን ቆጥረው ይገባሉ፣ ቢፋቱም ቆጥረው ይወጣሉ። ስማቸውንም አይቀይሩም፤ እስኪሞቱ የአባታቸው ልጅ ናቸው። አሜሪካዊቷ የባሏን ስም ስትወስድ ያንቺ አያት ይሄን ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።

አሁን ካርዱ። እዚህ ላይ መምህርነቴን ትቼ እንደ ታላቅ ወንድም ልናገርሽ። ደሞዝ መቀማት ሥነ መለኮት አይደለም። ሰው ከቤት እንዳይወጣ በሩን መቆለፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዱላ በፊት የሚመጣ ነገር ነው። ተማክራችሁ አንድ ሒሳብ ብትከፍቱ፣ ቤት ለመግዛት አብራችሁ ብትቆጥቡ፣ እኔም አብሬ እመርቃለሁ። የኔና የባለቤቴ ሒሳብ ድሮም አንድ ነው፤ ግን ሁለታችንም ካርድ አለን፣ እንዲያውም የገንዘቡን ነገር የምታውቀው እሷ ናት። ያንቺ ግን አልተመከረበትም፤ ተወስዷል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከፈረቃ ስትወጪ ደሞዝሽ ወደሚገባበት ባንክ ሂጂ። መታወቂያሽን ይዘሽ ሌላ ካርድ ጠይቂ። ሒሳቡ በስምሽ ከሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። የኦንላይን የይለፍ ቃሉንም እዚያው ቀይሪው።

«ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» ላለው፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ። ይህን ያህል ግን አውቃለሁ። ግሪን ካርድ ባል ሲናደድ የሚሰርዘው ነገር አይደለም። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባል የሚያሠቃያት ሚስት እሱን ሳትጠይቅ በራሷ ስም የምታመለክትበት ሕግ አለ። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ካነሳብሽ 911 ደውዪ። ለምክር 1-800-799-7233 የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኙሻል። መደወል አለመገዛት ነው ብለሽ እንዳትፈሪ። ናባል ቤቱን ሊያስፈጅ ሲል ሚስቱ አቢግያ ሳትነግረው አህያ ጭና ወጥታለች፤ 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ዳዊት የባረከው እሷን ነው።

እስካሁን ዱላ ከሌለና እሱን ሳትፈሪ ማነጋገር የምትችዪ ከሆነ አንድ ነገር ሞክሪ። የእረፍት ቀናችሁ ሲገጥም ቡና አፍዪ። መጽሐፉን አምጪና «አንተ የምትለውን አብረን እናንብብ» በዪው። ከቁጥር 18 ጀምሩ፣ ከ22 አይደለም። ያንቺን ሦስት ቁጥር አንቺ አንብቢ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ሳታፍሪ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ እሱ አዙሪና የራሱን እሱ ያንብብ። አትተርጉሚለት፣ አታቋርጪው። ጨርሶ ዝም ካለ ዝም ይበል። ከተቆጣም ቡናውን ተዪውና ለሁለታችሁም የሚሆን፣ እሱም የሚያከብረው ሽማግሌ ፈልጊ። እዚያ አካባቢ የማውቃቸው መጋቢዎች አሉ፤ ከፈለግሽ ላገናኝሽ እችላለሁ።

ካርድሽን ሲመልስልሽ ጻፊልኝ። ካልመለሰም ጻፊልኝ።